ከመንከሱ በፊት

ፓይሳንዱ ነው አገሬ፤ ከወንዙ ማዶ አርጀንቲና፤
ምላጭ ነው መተዳደሪያዬ፤ እጄም የታመነ፣ ቀና።
በኅዳር ወጀብ ሌሊት ባሕር ዛፉ ተሰበረ፤
የበቀቀኖች መንደር፣ ጭራሮው፣ ከደጃፌ ላይ አደረ።
ከሞቱት መሐል አንድ ነፍስ፣ ላባ ያልለበሰ እራፊ፤
ሆዱ ካንገቱ አይለይ፤ ሁለመናው አፍ፣ ለፍላፊ።

ገንፎ በማንኪያ ጫፍ፣ በየሁለት ሰዓቱ፤
ከእንቅልፌ ሲያባንነኝ ስለታም ጩኸቱ፣
«ለልጆችህ እንኳ እንዲህ አልነቃህም» ትለኝ ነበር ዙልማ።
ላባው ሲወጣ፣ ጀርባው ለምለም ሣር፣ ደረቱ አመድማ፣
«የደንብ ልብስ ለበሰ!» ብላ ሳቀች ሚስቴ፤
«ኮሎኔል» አልነው።

ኮሎኔል በአራተኛ ወሩ ነከሰ።
የአውራ ጣቴ ደም በነጩ ፎጣ ፈሰሰ።
እጄን መንጭቄ «አንተ!» ብዬ ስጮህ፣
አብሮኝ ጮኸ፤ ራሱን ነቀነቀ፤
ድግስ የጠራሁት መስሎት ጨፈረ፣ ደመቀ።

ከዚያማ የመካሪ መዓት።
ሥጋ ሻጩ ቴኦፊሎ፣ አገጩ በአረፋ እንደተሸፈነ፣
«ምንቃሩን በለው! ካልተመታ ማን ሰው የሆነ?»
የጡረታው መርከበኛ «በጨርቅ ሸፍነህ አጨልምበት»፤
የፖስታ ቤቱ ሎሬንሶ «ክንፉን ከርክም፤ ሙያህ አይደል? ምን አለበት?»
የቆዳ ጓንት አጠለቅሁ፤ ጓንቱን ሲያይ በረገገ፣
ከመስተዋቱ አናት ወጥቶ ቀኑን ሙሉ እዚያው አረገ።

አንድ ቀን መታሁት።
በሁለት ጣት፣ በስሱ፣ ሐብሐብ መብሰሉን እንደሚፈትሽ ሰው።
አላለቀሰም። ፊቱን ብቻ ወደ ግድግዳው መለሰው።
ከዚያ ወዲህ እጄ ገና ከበሩ ሲገባ አየሩን ይነክሳል፤
የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ ያስታውሳል።

አንድ ማታ ዙልማ፣ የሱቁን ፎጣ እያጠፈች፣
ቀና ሳትል፣ እንደ ዋዛ፣ አንዲት ነገር ጣል አደረገች፦
«የሰው ጉሮሮ ስትላጭ ዓይንህ ከቆዳው አይነቀል፤
ምራቅ ሊውጥ መሆኑን አውቀህ ምላጭህ ቀድሞ ብድግ ይላል።
ለዚህ ለጭብጥ ፍጥረት ግን ያን ዓይንህን ነፈግኸው።»

እውነቷን ነበር። አየሁት።
ብሌኑ ይጠባል፣ ይሰፋል፣ ይጠባል፣ እንደ ሩቅ የጀልባ መብራት፤
የማጅራቱ ላባ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ነው የምንቃሩ ብረት።
ደግሞም አየሁ፣ ይሄ ነው አንጀቴን የበላኝ፦
እጄ ላይ ሊወጣ ሲል አስቀድሞ በምንቃሩ ይይዘኛል፤
ንክሻ አልነበረም፤ ጥያቄ ነው፦ «ይህ ቅርንጫፍ ይሸከመኛል?»
አንዴ የተሰበረበት፣ ከመጠየቅ ሌላ ምን ያድርግ?
እጄን በነጠቅሁ ቁጥር ያ ባሕር ዛፍ እንደገና ይሰበራል፤
እሱም፣ ሳይወድቅ በፊት፣ ጠበቅ ማድረግን ይማራል።

አሁን ሲይዘኝ አልነጥቅም። እንደ ግንድ ዝም እላለሁ።
ካጠበቀው፣ ቃል ሳልተነፍስ መቆሚያው ላይ አወርደውና
ጀርባዬን ሰጥቼው እስከ አሥር እቆጥራለሁ።
ከለዘበ፣ አንዲት የሱፍ ፍሬ። ምንቃሩ ሲበላው ደግሞ
የወይን ጠርሙስ ቡሽ፣ የአሮጌ ብሩሼ እጀታ፤
ያደቅቀዋል ቀኑን ሙሉ፣ ስንጥሩን እየረጨ በየቦታ፤
ከፀጉሩ ጋር እጠርገዋለሁ።

ዳነ አልልም።
ነፋስ ባለበት ቀን፣ ጣሪያው ሲንኳኳ፣ ማን እንደሆንኩ ይረሳኛል፤
ቅዳሜ ዕለት ጠባሳዬ ላይ ደግሞ ነክሶኛል።
ደማሁ። ቅርንጫፉ ግን አልተሰበረም።

ቴኦፊሎንስ? ትናንት ጆሮውን ያዘለት፤ ቶሎም አልለቀቀም።
አይቻለሁ እኮ፦ ብሌኑ ሲጠብ፣ ማጅራቱ ሲቆም።
እኔ አረፋ እየመታሁ ነበር፤
ለመናገር አልቸኮልኩም።