ጥሬ

«ጥሬ» እንለዋለን፥ መርማሪ ያላየው፣
ከሰው እጅ ላብ ገና ፕላስቲክ ያልለየው።
ዋጋው ግማሽ ምስል፥ ግማሹ ጥርጣሬ፤
ጥሬ ካርድ እገዛለሁ፥ በገንዘብ፥ በጥሬ።

ዊኒፔግ፥ ጥር ወር፥ ሴልከርክ ጎዳና፤
ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ገባና
በሱቄ መስታወት ውርጭ ሲጽፍበት
አንዲት ሴት መጣች፥ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ በብብት።
«ሃሊና ነኝ» አለች፥ ጓንቷን ሳታወልቅ፤
«የሟች ወንድሜ ነው፤ እኔ ዋጋ አላውቅ።
የቤቴ ማሞቂያ ከትናንት ጠፍቷል፤
ይሄን ከገዛኸኝ ጠጋኙ ይመጣል።»

የሆኪ ካርዶች ናቸው፥ ላስቲክ የቋጠራቸው፣
ብዙዎቹ ጠውልገው ብስኩት የሚሸቱ፤
ከሥራቸው ግን ያ በረኛ፥ አፍንጫው የዞረ፣
ጭንብል ሳያጠልቅ፥ በመጀመሪያ ዓመቱ፣
ጥርሱን ነክሶ የቀረ።

ከኋላዬ፥ በመስታወቱ ሣጥን፣
ያው በረኛ አለ፥ ያው አፍንጫ፥ ያው በረዶ፣
«ዘጠኝ» የሚል ቁጥር አናቱ ላይ ወርዶ፤
ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር።
አየችው። «አንድ አይደሉም ወይ?»

«አንድ ናቸው» አልኳት፤ «ያኛው ምስክር አለው።
ያንቺው ገና ሳይፈረድ በቀጠሮ ያለ ነው።
ብትልኪው ክፍያ አለ፥ መድን አለ፥ ፖስታ ይከፈላል፤
አራት ወር ጠብቀሽ ‹ስድስት› ካሉሽ ደግሞ
ያወጣሽውን እንኳ ላይመልስ ይችላል።»

አልዋሸኋትም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር።
ግን በማጉያዬ አጮልቄ ስሰልል
ጥጋጥጎቹ ስለት፥ ኅዳጉ እኩል ለእኩል፣
ጭረት እንኳ የለው።
ልቤ «ዘጠኝ» አለ።
አፌ፥ «መቶ ሰማንያ»።
ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ አመስግናኝ ወጣች።
በሩ ሲከፈት የገባው ብርድ
እስኪመሽ ከእግሬ ሥር አልወጣም።

በረዶው ሲቀልጥ፥ ቀዩ ወንዝ ሲሞላ፣
የላክሁት ተመለሰ፤ ከፈትኩት በቢላ።
ቁጥር የለም። አንዲት ብጣሽ ወረቀት፦
«ደረጃ አይሰጠውም፤ ጠርዙን መቀስ ነክቶት።»

ዳሚያን፥ የስምንት ዓመት ልጅ፥ ጥጉ ቢያረጅበት
በእናቱ የልብስ መቀስ አዲስ ሊያደርገው ሽቶ፣
ምላሱን በከንፈሩ ጫፍ አውጥቶ
(እንዲህ ነው የሚታየኝ)
ፀጉር በማይሞላ ስፋት ከርክሞ።
እኔ እህቱን ስመዝናት
እሱ ከሃምሳ ዓመት በፊት መዝኖኝ ኖሯል ቀድሞ።

ካርዱ ያው ነው፤ በረኛው አሁንም ጥርሱን ነክሷል።
ጥሬ ነው እንዳልል፥ እሳት አይቶ መጥቷል፤
በስሏል እንዳልል፥ የሚበላው ታጥቷል።

ቅዳሜ ሬናቶ ገባ፥ የጎረቤት ልጅ፣
ጋዜጣ ያደለበትን ጨምድዶ በእጅ።
«ይሄ ጥሬ ነው? ስንት ነው?»

ማጉያውን ከኪሴ አውጥቼ
በጠረጴዛው ላይ ወደሱ ገፋሁት።
«መጀመሪያ ጠርዙን እይ» አልኩት።