ባለቤት፦ ሥር

ሳሬማ ደሴት ላይ፣ ባሕሩ ድንጋይ ሲሆን፣
ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቀኑ ሲከደን፣
ኡርቬ ብቻዋን ናት በቤተ መጻሕፍቷ፣
ሁለት ሹራብ ለብሳ፣ ሻርፕ ጠምጥማ ባንገቷ።

ማተሚያው እንቢ ብሏል፤ ሦስት ቀን ሆነው።
አንድ መስመር ነበር የሚታረመው፤
ከሥርዓቱ ጓዳ፣ ከመዝገብ ውስጥ ያለች፣
ተራ ሰው እንዳይነካት ተቆልፋ የኖረች።
ታኔል፣ ባለሙያው፣ ያለው ማዶ ነው፤
መርከቡም ቆሟል፤ ማን ሄዶ ያምጣው?

እናም ተርሚናሉን፣ ጥቁሩን፣ ከፈተች፤
«ሱዶ» ብላ ጽፋ
የጽሑፍ ማረሚያውን ስሙን አስከተለች።
የይለፍ ቃል ጠየቃት። ጻፈች፤ አይታይም፤
ኮከብ እንኳ የለ፣ ነጥብ እንኳ የለም፤
በጨለማ ደጃፍ ቁልፍ እንደሚያዞር ሰው
ጣቷን ነው ያመነችው።

ተከፈተ።

ያው መስኮት ነው፤ ደግሞ ያው መስኮት አይደለም፤
የመረጠችው ፊደል፣ የወደደችው ቀለም
አንዱም አልተከተላት፤ ነጭ ነው፣ እንግዳ፣
ተከራይ እንደለቀቀው ባዶ ግድግዳ።
ሥር ማለት እንዲህ ነው፦ የሁሉ ባለቤት፣
አንዲት መጋረጃ ግን ያልሰቀለ በቤት።

ከኋላ ተርሚናሉ ያልጎመጉማል፤
«ይህን አላገኘሁም፣ ያንን አልቻልኩም» ይላል፤
እሷ አላየችውም። መስመሯን አረመች፤
አንድ ቁጥር ለወጠች፣ አንድ ነጥብ አነሳች፤
አስቀመጠች። በቃ።

መዝጋት ነበረባት።

ግን መስኮቱ ክፍት ነው፤ ሻዩም አልቀዘቀዘ፤
ልቧም ካንድ ነገር ጋር ከጧት እንደተያዘ፤
ለእህቷ ለሄልያ፣ ታርቱ ለምትኖር፣
ከመስከረም ጀምሮ የጻፈችው ነበር፤
ስለ አባታቸው ጀልባ፣ ስለ ጀልባው ቤት፣
ማን ኪራዩን እንደከፈለ ያሥራ ሁለት ዓመት።
በዚያው በነጭ መስኮት ደብዳቤውን ሳበች፤
እስከዚያች ምሽት ድረስ ስትለሳለስ ቆየች፤
አሁን ግን ምን እንጃ፣ ድፍረት ድፍረት አላት፤
«ጀልባው የእኔ ነው» አለች፤ «ቁልፍም የለሽበት።»

«ሲሾም ያልበላ ሰው ሲሻር ይቆጨዋል»፤
መሾሙን ሳያውቅ የበላስ ምን ይላል?

ጧት፣ በራሷ ስም፣ በራሷ ገበታ፣
ያቺን ዐረፍተ ነገር ልትሰርዛት ሽታ
ደብዳቤውን ከፈተች፤ ይነበባል፤ ሁሉም አለ፤
ልታስቀምጥ ስትል ግን ማሽኑ ከለከለ፦
«የመጻፍ ፈቃድ የለዎትም።»

የማንን? በዚህ ጣት የተጻፈውን?
የገዛ ቂሜን?
ባሕርዩን ገልጣ አየች።
ቀን፦ ትናንት። መጠን፦ ትንሽ።
ባለቤት፦ ሥር።

ስልክ ደወለች። ታኔል አልሳቀባትም፤
«እኔም አድርጌዋለሁ፣» አላት፣ «አንዴም ሁለቴም።
የሥር እጅ የነካው የሥር ሆኖ ይቀራል፤
ስሙን ካልመለሱለት በጻፈውም ላይ ይኮራል።»
አንድ ትእዛዝ ነገራት፣ ፊደል በፊደል፣
እየደጋገመ፣ በነፋሱ መሀል።
«ለወደፊቱ ደግሞ ማረሚያውን አትሹሚው፤
ቅጂ ያወጣልሻል፣ በራስሽ እጅ አርሚው፤
ስትጨርሺ ሥር ራሱ ወስዶ ይከተዋል።
ለአንዲት መስመር ብሎ ማን ዙፋን ይለቃል?»

ስልኩን ዘጋች። ጠቋሚው ይርገበገባል፤
«ጀልባው የእኔ ነው» ከሚለው ሥር ቆሟል።
አሁን መብቱ አላት፤ ልትሰርዝ ትችላለች፤
ጣቷን አንጠልጥላ ግን ብዙ ቆየች።
ያ ነጭ መስኮት ነው እንዳትል የጻፈው፣
መስኮት ቂም የለውም፤ የራሷ ድምፅ ነው።

በእሷ ቋንቋ ሙሉ ቃል ነው የሚለወጠው፤
በእኛ ቢሆን ኖሮ አንድ ፊደል ነው፦
«ኔ»ን ወደ «ኛ»።

ለወጠችው። ወደ ማተሚያውም ላከች።
እጇን አጣምራ ቆማ ጠበቀች።

ማተሚያው ዝም።
መስመሩ ከታረመ በኋላ
አጥፍቶ ማብራት እንዳለበት
ታኔልም ረስቶ አልነገራትም።