ጉዳዩ፦ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክቡር ኑርሁሴን፣ (በወግ እንዲህ ይባላል፣
ግን ትናንት በምሳ ሽሮዬን ቀምሰሃል)
እንደሚታወሰው፣ ወር አልፎታል መሰል፣
አንዲት ማመልከቻ ጽፌልህ ነበር።

አሥራ አራት ቁጥር ማሽን ታማብኛለች፣
ድሩን ትበላለች፣ ማጉን ትተፋለች፤
መመሪያ መጽሐፏ ጠፍቷል ድሮ ገና፣
የሠራት ፋብሪካም ተዘግቷል አሉና፤
ባሕር ማዶ ግን አንድ ሽማግሌ አለ፣
ሆዷን የሚከፍት፣ «እዩት ይኸው» እያለ፤
በቪዲዮ ያሳያል። እኔ ግን ስጫነው
ቀይ እጅ ይወጣል፦ «ይህ ገጽ የታገደ ነው።»

ቅጹ ሁለት ሳጥን አለው፦ ለሥራ፣ ለግል።
«ለሥራ» ላይ ምልክት ሳደርግ እስክሪብቶዬ ትንሽ ቆመ፤
ማሽኗ ስትቆም እኔም ውስጥ የሚቆም ነገር አለ፣
እሱ የቱ ሳጥን እንደሚገባ አላውቅም።

ደብዳቤው ደረጃ ወጣ።
ከሺፍት መሪው ወደ ክፍል ኃላፊ፣
ከክፍል ኃላፊው ወደ ጸሐፊ፤
ጸሐፊዋ ለቅሶ ሐይቅ ሄዳለች፣
አርብ ትመጣለች።
መጣች፤ የማኅተሙ ቀለም ደርቋል።
ፋይናንስም ደረሰ። ለምን ፋይናንስ? እንጃ።
«ታይቷል» ብለው መለሱት።
ደረጃው ላይ ባገኘሁህ ቁጥር
«አብሽሪ፣ ዘምዘም» ትለኛለህ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ጋሽ ይመር፣
ጡረታ ወጥቶም ዘበኛውን ሊያጫውት
በየጠዋቱ ቦርከናን ተሻግሮ የሚመጣው፣
ገባና ጆሮውን ማሽኗ ላይ ለጠፈ።
ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።
«ግራ ዘንጓ ናት» አለኝ፤
የጎማ ቁራጭ ሸጎጠባት፤
ሐሙስ ከቀትር በኋላ
አሥራ አራት ቁጥር አቡጀዲዋን ትለቀው ጀመር።

ፈቃዱ የመጣው ማክሰኞ ነው።
ለግማሽ ሰዓት፣ ለአንድ ኮምፒውተር፣ ለአንድ ቪዲዮ።
ሦስት ፊርማ፣ ሐምራዊ ማኅተም።
ተፈቅዶ መቅረት ነውር ነውና
ጋሽ ይመርን ከበር ጠራሁት፤
መነጽሩን በድር ክር አስሮ ተቀመጠ።

የሰውየው ቋንቋ አልገባንም።
ጥፍሩ ሥር ያለው ግሪስ ግን የኛው ግሪስ ነው፤
መፍቻ ሲያነሳ የጋሽ ይመር እጅ ጭኑ ላይ ተንቀሳቀሰ፣
ሲያዞር አብሮት ዞረ፣
አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ሃያ ደቂቃ አብረው ሠሩ።

ድንገት ከወንበሩ ብድግ፦
«ብሎን ረሳ! አንዷን ሳያጠብቅ ዘጋት እኮ!
የሰው ጣት ትበላለች፣ ንገሪው እንጂ ልጄ!»

ከሥር የመጻፊያ ቦታ አለ። ነካሁት።
ቀይ እጅ።

ስለዚህ፣ ክቡር ኑርሁሴን፣
ይህ ሁለተኛው ማመልከቻዬ ነው።
ጉዳዩ፦ ለማላውቀው ሰው አንድ መስመር ስለመጻፍ።
ሳጥኖቹን ባዶ ትቻቸዋለሁ፤ የመሰለህን ሙላ።
ብቻ ፋይናንስ አይሂድ።

ከሰላምታ ጋር፣
ዘምዘም እብሬ፣ ጥገና ክፍል፣ ኮምቦልቻ።
ግልባጭ፦
ለጋሽ ይመር፤ በር ላይ፤
በየቀኑ «መለሰ ወይ?» ለሚለኝ።