አንዲት ቁራጭ

አዘዞ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ መብራት ገና እንደመጣ፣
የበር ሥራ ተቆልሎ፣ ደንበኛ ደጅ ላይ ሲቆጣ፣
«አንዲት ቁራጭ ናት» አለና አዛናው መቁረጫ አስነሳ፤
መነጽሩ ምስማር ላይ ነው፣ አቧራ ለብሶ እንደተረሳ።

ጮኸ።
«እንዳታሸው!» ብዬ ዘለልኩ፣ ሁለት እጁን ጨብጬ፤
የወረቀት ኩባያ ከዓይኑ ላይ ገልብጬ፣
ፕላስተሩን ሳልጫን ለጥፌ፣
ባጃጅ ላይ አስቀመጥኩት ደግፌ።
«ግንቡ ታየ?» አለኝ፣ ገና ማራኪ ሳንደርስ፤
ሁለቱንም ጨፍኗል፤ ባለ ዓይኑ እኔ ነኝ የማለቅስ።

ዓይኑ ተርፏል። ብረቷን በክብሪት ቀፎ ይዟል፤
መነጽሩንም ከመቁረጫው ማብሪያ ላይ አስሯል።
አዲስ ልጅ ሲመጣ መዳፉ ላይ ያኖራታል፤
ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች።
«ይቺ ናት» ይለዋል፣
«አንዲት ቁራጭ ያልኳት።»