ክንፍና ቅርፊት

ሐምሌ ስል አፌ ውስጥ ዝናብ ነው የሚመጣው፤
እዚህ ግን ሐምሌ ማለት ሣሩን ያነጣው፣
አስፋልቱን ያቀለጠው፣
ደመና ረስቶት የሄደ ሰማይ ነው።
ብቻ ከሄርሞን ሥር፣ የጥር በረዶ
በአለት ሆድ ከርሞ፣ ጨለማ ለምዶ፣
ይወጣል ቀዝቅዞ፣ ይወጣል ተናዶ።
ዳን ነው ስሙ።
እግርሽን ብትነክሪ እንደ አበዳሪ
ቁርጭምጭሚትሽን ይይዛል።

ሴምዮን ከሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ከሁለተኛ፤
እሱ ከሳይቤሪያ፣ እኔ ከወገራ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ ከ«ሻሎም» በቀር ሳናወራ
ፋብሪካው ተዘጋ፣ እጄም ሥራ ፈታ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዚፕ የሰፋ ጣት
ማረፍ አይሆንለት።
ደረጃው ላይ ሆኜ የልጄን ሱሪ ስጠቅም አየና
አንድ ማታ በሬን አንኳኳ፦
አጉሊ መነጽር፣ ትንሽ የብረት ማሰሪያ፣
ክብሪት ሳጥን ሙሉ መንጠቆ፣ ስንዴ የሚያህል።
«ዓይኔ ደከመ» አለ። «እጅሽ ግን…»
ዕብራይስጡ እዚያ ላይ አለቀበት።
የቀረውን በጣቱ ተናገረ፦
የአውራ ዶሮ አንገት ላባ፣
የጥንቸል ጠጉር፣ ቡናማ የሐር ክር፣
ሦስቴ ጠምዝዞ፣ ምላስ ነክሶ ማሰር።
ዝንብ።

ሳቄ መጣ።
እናቴ ከሕፃን ዓይን፣ ከወተት አፍ፣ ከቁስል ላይ
እሽ ስትል ነው ያደግሁት፤
ማን ያምናል በሃምሳ አራት ዓመቴ
ዝንብ ስሠራ ብገኝ ከቤቴ?

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤
ቀን ማረሻውን የገዙት
ማታ ዓይኑን የሚፈሩት።
መንጠቆዋን በጥፍሬ ስነካት
ብረቷ ዘመዴ መሰለችኝ።
ጫፏ ላይ ያለችውን እሾህ
ሴምዮን በጉጠት ይደፈጥጣታል፤
«ዓሣው እንዲመለስ» ይላል።
አባቴ ይህን ቢሰማ፣
እሾህ ለማውጣት ስንት ከሰል የፈጀ ሰው!

ጎህ ሲቀድ ወረድን፣ ከዓሣ እርባታው በታች፣
የበረሃ ሾላ ውሃው ላይ ከተኛችበት።
ዘንጉ ጅራፍ ነው፣ ግን የማያጮኹት፤
ወደ ኋላ ትልኪዋለሽ፣ ትጠብቂዋለሽ፣
መጠበቁ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳት።
የመጀመሪያው ውርወራ ሾላዋን ያዘ፣
ሁለተኛው ሻሼን፣
ክሩ ተበጥሶ ዝንቧ የት እንደገባች ጠፋኝ።
ሦስተኛው ሸምበቆ።
«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አልኩት፣
እንደ ምንም ተርጉሜ።
ውሃውን አየት አደረገና፣ በቁም ነገር፣
«እዚህ ዘንዶ የለም» አለኝ።

አራተኛው ውሃው ላይ አረፈ።
እንዴት እንዳረፈ አልነግርሽም፤ አመድ እንኳ
እንደዚያ ቀስ ብሎ አይወርድም።
ከዚያ ውሃው ተከፈተ።

ከእርባታው ያመለጠ ትራውት፣
ጎኑ ጠቃጠቆ፣ መሃሉን የጽጌረዳ መስመር፣
መዳፌ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚመታ፣ የሌላ ሰው ልብ።
ክንፍ አለው።
ቅርፊቱ የላመ ነው፣ በጥፍር ነው የሚታወቅ፣ ግን አለው።
ሕጉ ፈቅዷል፤ ድስቱም ቤት ነው።

እናቴ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ትል ነበር።
ይህንኑ ስንቅ ይዤ
በየቢሮው ወረፋ፣ በአለቃዬ ፊት፣
ልጄን ከኋላ ወንበር ባስቀመጠችው መምህርት ዘንድ
ሠላሳ ዓመት ከንፈሬን ገጠምኩ።
እውነቷን ነው፣ ዝንብ አልገባም።
ሌላም የገባ የለም።

ይኸው ይህ አንድ ክንድ የማይሞላ
አፉን ከፈተ፣
የገባበትንም የሠራሁት እኔ ነኝ።
መንጠቆዋ ያለ እሾህ ወጣች።
በረጠበ እጄ ደግፌ ወደ ወንዙ አፍ አዞርኩት፤
ትንሽ ቆየ፣ የሚያስታውሰው ነገር እንዳለ፣
ከዚያ የቆመበት ቦታ ውሃ ብቻ ሆነ።
ሴምዮን ሻይ ቀዳ። አልተነጋገርንም።

በአውቶቡስ ስመለስ ወደ ቂርያት ሽሞና
ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ እጇን አነሳችና
«እመቤት! ሻሽሽ ላይ ዝንብ!» ብላ ልትመታት ስትል
አንጓዋን ያዝኩ።
«ተያት» አልኩ፣
ሹፌሩ በመስታወቱ እስኪያየኝ ጮክ ብዬ፣
«የሠራኋት እኔ ነኝ።»