ጥርጊያ

አባቴ ታትሱኪቺ ጨው ሠሪ ነበረ፣
አሸዋ ሜዳ ላይ ባሕር ሲረጭ የኖረ፤
በእንጨት መቧጠጫ ሜዳውን ሲተልም
ፀሐይ ብትበረታ «ልረፍ» እንኳ አይልም።
ትከሻው ላይ ዛሬም የባልዲው ገመድ ሰንበር
ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረዋል ነገር።

እኔም ጨው ሠሪ ነኝ፤ ግን ፀሐይ አላይም፣
በፋብሪካው ምድር ቤት እግሬ አሸዋ አይነካም።
የሳካይዴን ባሕር ፓምፑ ስቦ ሲያመጣ
በሺህ ስስ ገለፈት መሐል እየወጣ፣
ጨው ሟምቶ ሁለት ነው፤ ባልና ሚስት ይፋታል፤
ሶዲየም ወዲህ ሲል ክሎራይድ ወዲያ ይላል።
ኤሌክትሪክ ይጠራል፤ ገለፈቱ ይመርጣል፤
አንዱን ያሳልፋል፣ ሌላውን ይመልሳል።

«ጨርቅ እንዴት ይመርጣል?» አለኝ አንድ ማታ
ቲማቲም ሲቆርጥ፣ ቢላዋውን ገታ።
«ወንፊት ነው?»
«አይደለም። ወንፊት መጠን እንጂ ጠባይ አይለይም።
ይሄ ሰንሰለት ነው፣ ካርቦን በካርቦን ላይ የተቀጣጠለ፤
ከጎኑ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ጫፍ ድኝ የተንጠለጠለ።
ድኙ አሉታዊ ነው፣ ተተክሎ የቀረ፣
እግሩ ከሰንሰለት ጋር አብሮ የታሰረ።
መሄድ የተሳነው መንገደኛ ይጠራል፤
ሶዲየም ይመጣል፣ ጥቂት አርፎ ይሻገራል።
ክሎራይድ ግን እሱም አሉታዊ ነውና
ከደጅ ይመለሳል፣ መሰሉን አየና።»

አባቴ ሳቀ። «ዘመድ እኮ እንዲያ ነው» አለ፤
ወደ ቲማቲሙም ተመለሰ።

ያልነገርኩት አለ።
በዚያ ክረምት ሦስት ዓይነት ገለፈት ሠርቼ
ሁለቱ እምቢ አሉኝ፣ አመሸሁ ተክዤ።

የፊተኛው ቅርንጫፍ አጭር ነው፣ ግትር ነው፤
ድኙ እዚህም እዚያም፣ ሁሉም ለየብቻው፤
በየድኙ ዙሪያ ጠብታ ውሃ ብትቋጥርም
ከኩሬ ወደ ኩሬ መሻገሪያ የለም።
ሶዲየም ገባና ከመጀመሪያው ቆመ፣
ድልድይ የሌለበት አገር ላይ ከረመ።

«እንግዲያው ይብዛ» አልኩ። ድኙን እጥፍ አደረግሁ።
ስግብግብነቴን ያወቅሁት ኋላ ነው።
መለኪያው አንድ ሰዓት ሽቅብ ሲል ደስ አለኝ፤
ኩሪባያሺን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ነገርኳት።
ገለፈቱ ግን ውሃ ጠጣ፣ ጠጣ፣ አበጠ፤
ድኝ ከድኝ ራቀ፣ ጥበቃው ላላ፤
ክሎራይድ ሾለከ በሰፊው አልፎ።
ኩሪባያሺ በፒጃማዋ ላይ ካፖርት ደርባ መጥታ አየችው፤
«ሁሉን የሚያስገባ በር» አለች፣ «ቀዳዳ ነው።»

ሦስተኛው ላይ ድኙ እንደ ፊተኛው ነው፣ አንድ አልጨመርኩበት፤
ቅርንጫፉን ብቻ ረዘም፣ ለዘብ አደረግሁት።
ጫፎቹ በጨለማ ተፈላልገው ተጠጉ፤
ጠብታ ከጠብታ ደረሰ፤
ቀጭን የውሃ ጥርጊያ፣ ዓይን የማያየው፣
ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ፤
ውሃ የሚጠላው ደረቁ ሰንሰለት ግራ ቀኙን ይዞ
እንዳያብጥ አደረገው።
ቁጥሩ ያው ነው። አቀማመጡ ሌላ።

«ከአባቴ ትልም ተማርኩ» ብል እንዴት ባማረ!
ውሸት ነው። ከመደርደሪያው ጥግ የተረፈ
የረጅሙ ቅርንጫፍ ጠርሙስ ነበር፤
ሐሙስ ነበር፤ አጭሩ አልቆብኝ ነበር።
ትልሙ ትዝ ያለኝ ኋላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

ደንቡ አይፈቅድም፤ ቢሆንም በወረቀት ጠቅልዬ
የሦስተኛውን ጨው፣ አንዲት ማንኪያ፣ ወሰድኩለት።
በጣቱ ነካ አድርጎ ምላሱ ላይ አኖረ፤
ዓይኑን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ድሮው ሜዳ አዞረ፤
ዛሬ ሜዳው ላይ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቷል።
ፍርድ እጠብቃለሁ፤
ሰንበሩን አከከ።
«ጨው ነው» አለ።
ሌላ የቲማቲም ቁራጭ ሳበና
ሳይጠይቀኝ ነሰነሰበት።