ሳምንት ዘጠኝ

በመጀመሪያው ቀን፣ በመንፈቁ መግቢያ፣
ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ሲነካ ጣሪያ፣
ገባ መምህር ይማም ዣንጥላውን ይዞ፣
ከደረት ኪሱ ውስጥ ወረቀት መዝዞ።

«ኮርስ አውትላይን» አለን። እኛ ምን ቸገረን፤
ስንት አውትላይን አልፏል ስንቱ ሲቸረን፣
አጥፈን ያራገብን፣ የዝንብ ማባረሪያ፣
ቆሎ የቋጠርንበት እስከ መናኸሪያ።

የሱ ግን ሌላ ነው። ሳምንት በሳምንት ላይ
እንደ ዳገት እርከን ተክቦ የሚታይ።
ሳምንት አንድ፦ አፈር፣ በጣት ሲዳሰስ፤
ሳምንት አራት፦ ጎርፍ፣ ተነስቶ እስኪደርስ፤
ሳምንት ስድስት፦ ቦርከና ዳር፣ ቦት ጫማ ይዞ መምጣት
(የሌለው ይንገረኝ፤ መጋዘን አለ አምስት)።
ሳምንት ስምንት፦ ፈተና። ከየት እንደሚወጣ
ተጽፏል፤ «ድንገት» የሚል ቃል ከቶ ላይመጣ።
ሠላሳ ለመስኩ፣ ለፈተና ሃምሳ፣
አሥሩ ለጠያቂ፣ እጁን ለሚያነሳ፣
የቀረው ለደብተር፣ ጭቃ ለነካካው።
ከግርጌም በትንሹ፦
«ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮዬ ክፍት ነው፤
ካጣችሁኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ፈንታው ከኋላ ሆኖ «ውል ነው እንዴ?» ቢለው
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይማም ግን አልሳቀም።
«አዎ፣ ውል ነው» አለ። «እኔም ፈርሜያለሁ።
መንገዱን ያላሳዩት ሰው
መሳቱን በምን ያውቃል?»

አንድ ማክሰኞ፣ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
«ስንት ሌሊት ፈጀብዎት?» አልኩት፣ ወረቀቱን እያየሁ።
«ክረምቱን ሙሉ» አለኝ።
ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ፦
«ጀማሪ ሳለሁ ያለ ካርታ ነበር የማስተምረው፤
የምወደውን ምዕራፍ ሰባት ሳምንት አሽሞንሙኜው
መፋሰሻ ቦይ ሳልደርስ ሰኔ ደረሰብኝ።
ከልጆቼ አንዱ፣ ኩታበር ተመድቦ፣
እርከን ሠራ፤ ቦይ አልሠራም። ከየት ያውቀዋል?
በአንድ ሌሊት ዝናብ የሦስት ቤት ማሳ ታጥቦ
ወረደ። ልጁን ወቀሱት።
እኔ ግን አውቃለሁ፤
የጎደለው ድንጋይ ከኔ ክፍል ነበር።»

ከዚያ ያ ዓመት መጣ፤ ስሙን ሁሉም ያውቃል።
በሳምንት ዘጠኝ ላይ ጠመኔው ወደቀ፤
ከተማው በእግሩ ወደ ቆላ ዘለቀ።

ስንመለስ ወንበር የለም። በር የለም።
የቤተ ሙከራው አፈር ብቻ፣ ማንም ያልፈለገው፣
በየብልቃጡ የለቀምነው፣ ስም የጻፍንበት፣
ወለሉ ላይ ተደፍቷል፤
ቀዩ ከጥቁሩ፣ የሐይቁ ከቦርከናው ተቀላቅሎ።

ይማም ገባ። ዣንጥላው አንድ አጥንት ጎድሏታል።
«የት ነበርን?» አለ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል።
ጦይባ የሻርፗን ጫፍ ፈታች፤
ውኃ የጠጣ፣ አራት የታጠፈ ወረቀት፣
ከገንዘቧ ጋር የቋጠረችው።
«ሳምንት ዘጠኝ» አለች፣ ድምጿ ሳይነቃነቅ።
«ዘጠኝ» አለ ይማም። ጠመኔ ፈለገ።
አልነበረም። ከተላጠው ግድግዳ
የኖራ ፍንካች አንስቶ ጻፈ፦ መፋሰሻ ቦይ።

አንዱ «ፈንታውስ?» አለ። ማንም አልመለሰም።
ይማም ጀርባውን ሳያዞር፣ መስመሩን እያሰመረ፣
«ሲመጣ» አለ፣ «ከየት እንደምንጀምርለት ያውቃል።
ወረቀቱ አለው።»

ዛሬ ያን ኮርስ የምሰጠው እኔ ነኝ።
ነሐሴ ነው፤ ሆጤ ሜዳ በጉም ተውጧል፤
ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ።
አንድ ሳምንት ሲረዝም ሌላው ይታነቃል፤
የምወደው ምዕራፍ አሁንም ያባብለኛል።
መስከረም ላይ አንዱ አጥፎ እንደሚያራግብበት፣
አንዷም ቆሎ እንደምትቋጥርበት አውቃለሁ።
ይሁን። ቆሎውም አልቆ ጽሑፉ ይቀራል።

ክረምቱ አልበቃኝም።
ቦዩን ግን ሳምንት ሁለት ላይ አምጥቼዋለሁ።